ሦስት ሆነን የሰፋናት ቀሚስ

ሐዋሳ ልብስ ፋብሪካ ገብቼ ስምንት ወር ሙሉ የሰፋሁት የሸሚዝ ግራ እጅጌ ብቻ ነው። ቀኙን ከጎኔ ያለችው ልጅ ትሰፋለች። አለቃችን ሰዓት ይዛ ከጀርባችን ትቆማለች፤ ለሽንት እንኳን ያለ ፈቃድ መነሳት አይቻልም። ከሥራ ስወጣ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኝ ነበር።

ለፋሲካ ፋብሪካው ሲዘጋ ዲላ ገባሁ። ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ እናቴ አበባ ያለበት ጨርቅ ከሣጥን አወጣች።

"አንቺን ስጠብቅ ነው ያላሰፋሁት። ለበዓሉ ቀሚስ ስፊልኝ።"

ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ ልብስ ሰፊ ናት ብላ አውርታለች። እንዴት ብዬ ልንገራት? "እሺ እማዬ" አልኩና ጨርቁን ይዤ ወጣሁ።

አብረውኝ ከፋብሪካው የመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዷ የዲላ ልጅ ናት፣ ኮሌታ ሰፊ። ሌላዋ የሸሚዝ ጎን ትገጥማለች፤ መናኸሪያ ወደ አገሯ ቡሌ የሚሄድ መኪና ስትጠብቅ ደረስኩባት።

"ሦስት ሆነን አንድ ልብስ ሰፊ አይወጣንም?" ስላቸው በሳቅ ፈነዱ።

ገበያው አጠገብ የሚሰፉ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። ነገሩን ስነግራቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

"ስምንት ወር እጅጌ ብቻ?"

"ግራውን ብቻ፣ ጋሼ።"

"በሉ እኔ እቆርጣለሁ፣ እናንተ ስፉ" ብለው ጨርቁን ቆረጡ፤ የስፌት መኪናቸውን ለቀቁልንና ለሶላት ወጡ።

እንደዚያ ቀን ስሰፋ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የቡሌዋ ልጅ እንደ አለቃችን ድምጿን አወፍራ "ፍጠኑ!" ስትል እኛ ሆን ብለን እንንቀራፈፋለን። ሻይ አስመጥተን ተቀምጠን ጠጣን።

እናቴ መጥታ ስትለካው ግን ጭንቅላቷ አላልፍ አለ። ለካ መክፈቻ መሥራት ሦስታችንም አናውቅም!

"ኧረ አውጡኝ!" ትላለች ከጨርቁ ውስጥ።

ሽማግሌው ተመልሰው ሲያዩን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከኋላ ቀደዱላትና ቁልፍ ተከሉ። "አይተሽ ያዢ" አሉኝ።

በፋሲካ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እናቴ እየዞረች ቀሚሷን ታሳያለች። "ልጄ ናት የሰፋችልኝ።"

"ሦስት ሆነን ነው እኮ" አልኩ።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

ከበዓሉ በኋላ ወደ ፋብሪካው ብመለስም ብዙ አልቆየሁም። ክረምት ሲገባ ጠቅልዬ መጣሁና ሽማግሌው ጎን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ መቁረጥ ነው። ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ ገጥሜ የጨረስኩት የመጀመሪያ ልብስ የአንዲት አስተማሪ ጎረቤታችን ጉርድ ቀሚስ ነበር። ለብሳው ወደ ሥራ ስትሄድ ከዓይኔ እስክትጠፋ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት።