የተደፈነው በር

ትናንት ከሰዓት እዚሁ ከሚሴ አክስቴን ዘሃራን ይዤ ስብሰባ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከላይ የመጡት ባለሥልጣን ማይኩን ይዘው «ባለፉት ዓመታት በዜጎች ላይ ለደረሰው ግድያና እስር መንግሥት ኃላፊነቱን ይወስዳል፣ ይቅርታም ይጠይቃል» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ምን እዋሻለሁ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አክስቴ ግን አላጨበጨበችም። ልጇን ጀማልን ከዓመታት በፊት በጠራራ ፀሐይ ከቤቱ ወስደውት በዚያው ቀረ። ያልጠየቀችበት እስር ቤት የለም። አሁን የቀራት ጥያቄ አንድ ነው... የት ነው የቀበራችሁት?

ለመዝጊያ አንድ ሽማግሌ ዱአ እንዲያደርጉ ተጋበዙ። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። ይሄኔ አክስቴ ብድግ አለች።

«ቆዩ! በኛ ሀገር ደም ሲታረቅ አጥፊው ይቆማል። ስሙን ጠርቶ እኔ ነኝ ይላል። አሚን የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጄን እጁን ይዞ ያወጣው መንግሥት የሚባል ሰው አይደለም፣ እንደኔው እግር ያለው ሰው ነው። ወላሂ በቀል አልፈልግም። ይቁምና መቃብሩን ያሳየኝ!»

ሽማግሌው የዘረጉትን እጅ መልሰው ሰበሰቡ። ማንም አልቆመም። ባለሥልጣኑ «አስተያየቱን ተቀብለናል» ብለው ከሃይላንዳቸው ተጎነጩና ስብሰባው ተበተነ። ያለ አሚን።

ስንወጣ አንድ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ጠጉሩ ሸበት ያለ ሰው ደረጃው ላይ የአክስቴን ክንድ ደገፍ አደረገ። አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲያስቀምጥ አይቼዋለሁ፣ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ነው።

«ሀርሜ፣ በዚህ ፀሐይ በእግር? ኑ ላድርሳችሁ» አላት። ሀርሜ ብሎ እንደ ገዛ እናቱ ሲጠራት አንጀቴን በላው። ባጃጅ ከመለመን ይሻላል ብዬ ነጭ ፒካፑ ውስጥ ገባን።

መንገድ ላይ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዘንድሮ ማሽላ አወራን። ከአስፋልቱ ታጠፈ። መስጊዱን አልፎ በጠባቧ ኮረኮንች ወደ ውስጥ ገባ። እኔ እቴ፣ ጎበዝ ሹፌር እያልኩ በልቤ አደንቃለሁ...

ቤታችሁ የት ነው ብሎ አልጠየቀንም።

ይሄ ትዝ ሲለኝ መኪናው ቆሟል። ሰውየው ወርዶ የአክስቴን በር ከፈተላት። ከዚያ ወደ ግቢው ዞር አለና ክው ብሎ ቀረ። ፊት ለፊቱ ያለው ድፍን የብሎኬት አጥር ነው።

የግቢው በር ዱሮ እዚያ ጋ ነበር። ጀማል በተወሰደ በሳምንቱ አክስቴ «ልጄ በወጣበት በር ሌላ ሰው አይገባበትም» ብላ አስደፈነችው። ከዚያ ወዲህ የምንገባው በጀርባ ነው። ጎረቤት እንኳ የፊቱን በር ረስቶታል። ይሄ ሰው ግን ልክ በሩ በነበረበት ቦታ ነው ያቆመው።

 የአክስቴን እጅ ይዤ ልጎትታት ብል ንቅንቅ አልል አለች። ሰውየውን ቀና ብላ አየችው... ብዙ አየችው።

«ኮቱ፣ ና ግባ ልጄ» አለችው። «ያኔ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ነው የሄድከው።»

ሰውየው ደረቱ ላይ ያለውን ባጅ አውልቆ ኪሱ ከተተው።

«ዛሬ ይቅርብኝ ሀርሜ... ሌላ ጊዜ እመጣለሁ።»

አጥሩን ዞረን ወደ ጀርባ ስንሄድ ፒካፑ ቀስ እያለ ተከተለን። በአዲሱ በር እስክንገባ ቆሞ አየን። ከዚያ ሄደ።

«ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» በኛ ሰፈር የጨዋ ሰው ቃል ነው፣ ግባ የተባለ ሁሉ የሚመልሰው። ከትናንት ወዲህ ግን ውጭ ሞተር በሰማሁ ቁጥር በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ።

አክስቴ በሩን አትዝጉ ብላ ይዛኛለች። የልጇን መቃብር የሚያውቅ ሰው አግኝታለች፣ ይምጣ ነው የምትለው። እኔ ደግሞ የምዘጋው እንዳይመጣ ነው።

እሷ ትከፍታለች... እኔ እቆልፋለሁ።