የአያ ሞላ ፊርማ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ከአማቴ ጋር መኳረፌን አንድ በአንድ ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ረስቻት አይደለም። ዛሬ ለእናንተ እናገራታለሁ፤ ስታነቡ ግን እንዳታዝኑልኝ አደራ።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ያልገባሁበት ክበብ አልነበረም። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ጸሐፊ እኔ፣ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበል እኔ፣ የመሠረተ ትምህርት ክበብ ምክትል ሊቀመንበር እኔ። ጓደኞቼ "አንቺ ክፍል የምትገቢው ስብሰባ ሲሰረዝ ነው" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ ውሸታቸውንም አልነበረም። ጎበዝ ነበርኩ። ሰው ማሰባሰብ፣ ፕሮግራም ማውጣት፣ ሪፖርት ማሳመር እችልበታለሁ። ከላሊበላ የመጣች ቀጭን ልጅ መድረክ ላይ ስትወጣ አዳራሹ ጸጥ ይል ነበር። ዛሬም አንድ ስብሰባ ስጡኝ፤ በሰዓቱ ጀምሬ በሰዓቱ እጨርሰዋለሁ። በደሌ የመጣው ከዚሁ ጉብዝናዬ ነው።

ሁለተኛ ዓመት እንደጨረስኩ ክበባችን ክረምቱን ለመሠረተ ትምህርት ተሰማራ። እኔም አገሩን አውቀዋለሁ ብዬ ፍላቂት አጠገብ ያለ አንድ ጣቢያ ተረከብኩ። ደጋ ነው፤ ገብስ እንጂ ሌላ አይበቅልበትም፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጎልማሶቹ ከእርሻ መልስ እግራቸው ጭቃ እንደያዘ መጥተው ፊደል ገበታው ፊት ይቀመጡ ነበር። ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱት አያ ሞላ ናቸው፤ አርባን ያለፉ፣ ሳቅ የማይለያቸው ገበሬ። ሃያ ዓመት ያልሞላኝን ልጅ እንደ ቄስ መምህር "የኔታ" እያሉ ይጠሩኝ ነበር።

ፊደል ግን አልገባ አላቸው። አንድ ቀን አልቀሩም፤ አልሰነፉም። ዛሬ የለዩትን ፊደል ነገ እንደ እንግዳ ያዩታል። ጆሯቸው ደግሞ ለጉድ ነው፤ አንዴ የሰሙት ነገር አይጠፋባቸውም።

ተማሪዎቹ በሙሉ ፈተናውን ያለፉለት ጣቢያ ቀይ ባንዲራ ይሸለማል። ባንዲራ ይዞ ኮሌጅ የተመለሰ ሰው የክበቡ ሊቀመንበር እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከአያ ሞላ በቀር ሁሉም እንደሚያልፉ እርግጠኛ ነበርኩ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ፈተናው አንድ ገጽ ድምፅ አውጥቶ ማንበብና ስም መጻፍ ነው። ገጹን የምመርጠው እኔ ነኝ። ሳምንት ሙሉ እያነበብኩ በቃላቸው አስያዝኳቸው፤ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እንዴት እንደሚያስኬዱ፣ መቼ ወደ ታች እንደሚያወርዱ ሳይቀር አስጠናኋቸው። ስማቸውን እንደ ሥዕል መሳል አለማመድኳቸው።

"የኔታ፣ ይሄ እኮ ማንበብ አይደለም፤ በቃሌ ነው የያዝኩት" አሉኝ።

"ግድ የለም አያ ሞላ፣ ኋላ ይገባዎታል።"

"ሰው አንብብ ቢለኝሳ?"

"ማን ይጠይቅዎታል?"

ማን ይጠይቅዎታል! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው እውነቱን ነገሩኝ፤ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ።

የፈተናው ዕለት አያ ሞላ ከሁሉም አሳምረው "አነበቡ"። ሰው አጨበጨበ፤ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እልልታቸውን አቀለጡት። የምስክር ወረቀቱን በእጄ ሰጠኋቸው። ባንዲራዬን ይዤ ተመለስኩ፤ ሊቀመንበርም ሆንኩ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያ ክፉ ድርቅ መጣ። ለዕረፍት ላሊበላ ወላጆቼ ቤት ሳለሁ፣ እትዬ ብርቄ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ፊታቸው ከስቶ አላወቅኳቸውም ነበር። እንዲህ ብለው ነገሩኝ።

ለእርዳታ እህል ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ተጠራ። አያ ሞላ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ደርሰው ከሰልፉ ፊት ቆሙ። መዝጋቢው ስማቸውን ከተማሩት መዝገብ ላይ አገኘና "አንተማ የተማርክ ነህ፤ አንብበህ ፈርም" አላቸው። ባጨበጨበላቸው ሰው ሁሉ ፊት "አላውቅም" ማለት አፈሩ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱ፤ ወደ ታች አወረዱ፤ ፈረሙ። ቀጥሎ የቆሙት ሽማግሌ ፊደል አልቆጠሩም። ላልተማረ ሰው ደግሞ ወረቀት በምስክር ፊት ይነበብለታል፤ ከዚያ ነው አውራ ጣቱን የሚያትመው። ሲነበብ ለካ ወረቀቱ ወደ ሩቅ ቆላ አገር ለሰፈራ በፈቃዴ እሄዳለሁ የሚል ኖሯል። ሽማግሌው "ጣቴን አልሰጥም" ብለው ሄዱ። አያ ሞላ ተመልሰው "እኔም አላወቅሁም ነበር" ቢሉ፣ "አንብበህ ነው የፈረምከው" ተባሉ። በሦስተኛው ቀን መኪና ላይ ተጫኑ። ሚስትና ልጆች በሁለተኛው ዙር ትሄዳላችሁ ተብለው ቀሩ።

"ማንበብ እንደማይችል አንቺ ታውቂያለሽ" አሉኝ እትዬ ብርቄ። "ለእኔ ነግሮኛል። ከወረዳ አንድ ሰው የማያነብ ለመሆኑ ካስተማረችው ማስረጃ ካመጣሽ ይመለሳል ብሎኛል። አንዲት ወረቀት ጻፊልኝ እቴ።"

"ኮሌጅ እንደተመለስኩ ማህተም አስመትቼ እልካለሁ" አልኳቸው።

አልላክሁም። ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። "ሞላ የተባሉት ሰው ማንበብ አይችሉም፤ ፈተናውን ያሳለፍኳቸው እኔ አጭበርብሬ ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። በዚያው ሰሞን ለተማሪዎች ማህበር አመራር ለምርጫ ቀርቤ ነበር። አጭበርብሬያለሁ ያለችን ማን ይመርጣታል? ወረቀቱን ቀደድኩት። ተመረጥኩም።

ዘመኑ ነው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ዘመኑን አውቀዋለሁ፤ የሚያስፈራውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ክረምት ከእኔ ቀጥሎ ባለው ጣቢያ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ ሦስት ሰው ወደቀብኝ ብሎ በግልጽ ጻፈ። ምንም አልሆነም፤ ባንዲራው ብቻ ቀረበት። ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ! እኔ ግን አልፈራሁም። መመረጥ ፈለግሁ። እትዬ ብርቄ "መልስ መጣ ወይ?" ብለው ሰው ቢልኩብኝ እንኳ "ገና ነው" ብዬ መለስኩ። ይቅርታም አልለምናችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ የበደልኳቸውም ሁለቱም አልፈዋል።

በዓመቱ ከሰፈራው ጠፍተው በእግራቸው የተመለሱ ሰዎች የአያ ሞላን መርዶ ይዘው መጡ። በወባ ነው የሞቱት። እኔ ያኔ ተመርቄ ላሊበላ መምህርት ሆኜ ነበር። ለገና ከሚጎርፈው ሕዝብ ጋር እትዬ ብርቄ ጥቁር ለብሰው ቤታችን ገቡ። ተቃቅፈን አለቀስን። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አንቺስ ደክመሽለታል" አሉኝ። "እሱ ነው ወረቀቱን ሳይጠብቅ የቸኮለብሽ። እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ።"

ከዚያ በጨርቅ የቋጠሩትን የገብስ በሶ አውጥተው ሰጡኝ። ከልጆቻቸው አፍ የተቀነሰ እንደሆነ አላጣሁትም። "ለምን ተቸገሩ?" ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። ጥሩ በሶ ነበር፤ እስከ ጥምቀት ድረስ በላሁት።