ለየኔታ ያነበብኩላቸው መጽሐፍ

እኔ ግልፍተኛ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ነው። ዛሬ በስተርጅና እንኳ ዜና ሲነበብ ልጆቼ ካጠገቤ ይነሣሉ፤ ከአንባቢው ጋር ስለምጣላ። "ኧረ ተንፍስ! ማን ያባርርሃል?" እለዋለሁ ራዲዮኑን። ንባብ ሲበላሽ አልችልም። በዚሁ አመሌ ነው በወጣትነቴ አንድ የነበረኝን ወዳጅ ያጣሁት።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ብቸና የተመደብኩት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ዓመታት መሆናቸውን ግን ማን ያውቃል? አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁት ልጅ ደጀን ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ፣ በጭነት መኪና ጨው ላይ ተቀምጬ፣ አፈር መስዬ ገባሁ።

ከተማው ክፉ አልነበረም። በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ከበቅሎው ወርዶ "እንደምን ዋሉ፣ መምህር" ይለኛል። ከሰላምታው በኋላ ግን ምንም የለም። ሰው ሁሉ ዘመድ አለው፣ ማኅበር አለው፣ ሰንበቴ አለው። ሌላው ቢቀር በድንበር የሚጣላው ጎረቤት አለው። እኔ የሚጣላኝ እንኳ አልነበረኝም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በተከራየኋት ክፍል ተጋድሜ የጣሪያውን ምስማር እቆጥራለሁ። ሰው እንደ እህል ይርባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለእናቴ በምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ "ደስ ብሎኛል" እላለሁ፤ ውሸቴን ነው።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የኔታ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። ከቅኔ ቤት የመጡ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ፊደል የሚያስቆጥር ሲታጣ ተቀጥረው በዚያው ቀሩ፤ አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን ንባብና ግብረ ገብ ያስተምራሉ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ድምፃቸው ሁለት ክፍል አልፎ የሚሰማ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ዲሬክተሩ ሳይቀር "የኔታ" ነው የሚላቸው። እኔ ሦስተኛና አራተኛ ክፍልን አማርኛ አስተምራለሁ። እንግዲህ እርሳቸው የዘሩትን የማጭደው እኔ ነኝ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ልጅ አስነሣሁና ዓምና የተማሩበትን መጽሐፍ ሰጥቻት "አንብቢ" አልኳት። ወይ ንባብ! ቃል አይነጠቅ፣ ትንፋሽ አይቆረጥ። ደስ አለኝና አዲሱን የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ገለጥኩላት። ልጅቱ ገጹን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ገጹን አየች።

"መምህር፣ ይኼን እኮ ገና አልያዝነውም" አለች።

ሌላ አስነሣሁ፤ ያው። ሌላ፤ ያው። ሁሉም የዓምናውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታል። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ቃሉ ሲያልቅ ገጹን ይገልጣሉ፤ ከቃላቸው ውጭ የተጻፈውን ግን የሚለይ ከአምስት አይበልጥም። ደሜ ፈላ። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገባሁና ሰው መኖር አለመኖሩን ሳላይ፣ "የኔታ፣ ልጆቹ ያነበንባሉ እንጂ አያነቡም!" አልኳቸው።

የሒሳቡ መምህር ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። የኔታ አልተቆጡም። "ያልተያዘ ነገር ምን ይሆናል?" አሉ። "መጽሐፉን አይጥ ይበላዋል፤ ልጁ በልቡ የያዘውን ማን ይበላበታል?"

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል አይደል የሚባለው?"

"የተረሳው መቼ ተይዞ ነበርና።"

በዚያ ጀመርን። እኔ፣ ልጅ አይቶት የማያውቀውን ታሪክ ብቻውን አንብቦ ብቻውን ካልሳቀ ማንበብ አልተማረም እላለሁ። እርሳቸው፣ ጆሮው ያላወቀውን ቃል ዓይኑ አያውቀውም፤ መጀመሪያ ይያዝ፣ ምስጢሩ ራሱ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል ይላሉ። እኔ እጮሃለሁ፣ እርሳቸው የዝንብ ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። ደወል ሲደወል ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ቁጣህ ደስ ይላል። ከትምህርት በኋላ ቤቴ ና። ያንን ለሁለተኛ ክፍል የመጣውን አዲስ መጽሐፍ ይዘህልኝ ና፤ እስኪ አንተ እንዴት እንደምታነበው ልስማ" አሉኝ።

ሄድኩ። ከእኅታቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። በረንዳው ላይ መደብ አለች፤ እርሳቸው መደቧ ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ። እኅታቸው ቆሎና ጠላ አቀረቡ። ማንበብ ስጀምር ዓይናቸውን ጨፈኑ። የቤተ ክህነት ሰው እንዲህ ነው የሚያዳምጠው ብዬ አለፍኩት። ስቸኩል "ቀስ" ይላሉ። ነጥብ ስዘል "ተመለስ" ይላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረስኩ፤ "ነገም ና" አሉኝ።

በማግሥቱም ሄድኩ፤ በሠልስቱም። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቀረኛል! አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ፣ ከእሑድና ከበዓል በቀር፣ አሥር ሰዓት ሲል በዚያ በረንዳ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ያመጣኋቸው ሦስት መጻሕፍት አለቁ። ዕቃ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር አነበብኩላቸው። ቀበሮ ዶሮን ስታታልል ዕንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ስለ ንባብ እንከራከራለን፣ እኔ እቆጣለሁ፣ እርሳቸው "ጠላህን ጠጣ" ይሉኛል። የምናነበው ሲጠፋ "እስኪ ያችን የሁለተኛ ክፍሏን ድገማት" ይላሉ።

"ኧረ የኔታ፣ ስንት ጊዜ?"

"ድምፅህ እስኪስተካከል።"

እያጉረመረምኩ እደግማለሁ። እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ከተማ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ የምጠብቃት ነገር ያቺ ሰዓት ብቻ ነበረች። ያችን ባጣ ምን እንደምሆን አውቀው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከደብረ ማርቆስ ኢንስፔክተር መጣ። አንድ ሣጥን የተረትና የታሪክ መጻሕፍት ለትምህርት ቤታችን እንዲሰጠን በዲሬክተሩ በኩል አመልክቼ ነበርና መምጣቱን በጉጉት ነው የጠበቅሁት። መጀመሪያ የየኔታ ሁለተኛ ክፍል ገባ፤ ዲሬክተሩና እኔም ተከትለን ገባን። ልጆቹ አዲሱን መጽሐፍ አንድ በአንድ እየተነሡ አወረዱት። የኔታ ከኋላ ቆመው፣ መጽሐፍ በእጃቸው ሳይኖር፣ አንዱ አንዲት ቃል ሲዘል "ተመለስ" ይላሉ። ይኼ ማንንም አያስገርምም፤ የኔታ የሚባል መምህር ተማሪውን የሚያርመው በጆሮው ነው፤ መጽሐፍ የሚያይ ካለ ገና ተማሪ ነው።

ኢንስፔክተሩ በጣም ተደሰተ። ወደ እኔ ዞሮ "ልጆቹ እንዲህ ካነበቡ ሌላ መጽሐፍ ምን ያደርግላችኋል?" አለ።

በቃ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። "አያነቡም፣ ጌታዬ" አልኩ። "በቃላቸው ነው የያዙት። ከፈለጉ የማያውቁትን ይስጧቸው።"

ዲሬክተሩ እግሬን ረገጠኝ። ረፍዶ ነበር። ኢንስፔክተሩ ከቦርሳው ጋዜጣ አወጣና ለፊተኛው ልጅ ሰጠው። ዝም። ለሁለተኛዋ። ዝም። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አሸንፌያለሁ።

"የኔታ፣ እስኪ እርስዎ አንድ መስመር ያንብቡላቸውና ይከተሉዎ" አለ ኢንስፔክተሩ፣ ነገሩን ለማለዘብ መሰለኝ። ጋዜጣውን በእጃቸው አስያዛቸው።

የኔታ ጋዜጣውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። አራቁት። አፍንጫቸው ጫፍ ድረስ አቀረቡት። አርባ ልጅ ይጠብቃል። ያኔ ክው አልኩ። የተጨፈነው ዓይን፣ "ያችን የሁለተኛ ክፍሏን ድገማት"፣ "ድምፅህ እስኪስተካከል"፤ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። የኔታ አያዩም። አሮጌውን መጽሐፍ ዓይናቸው ሳይደክም በቃላቸው ይዘውት ነበር፤ አዲሱ ሲመጣ ዓይን አስፈለጋቸው፤ ዓይናቸው እኔ ነበርኩ። ልጆቹ "ይነበንቡታል" ብዬ የከሰስኩትን መጽሐፍ በእርሳቸው በኩል ያስያዝኳቸው እኔው ራሴ ነኝ።

ጋዜጣውን አጥፈው ለኢንስፔክተሩ መለሱለት። "ዓይኔን አሞኛል" አሉ ቀስ ብለው።

ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ዓይነ ስውር መምህር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ይከበራል። የመንግሥት ደንብ ግን ሌላ ነው። ወሩ ሳያልቅ ተሰናበቱ። እኔን ዲሬክተሩ ጠርቶ፣ ፊቴን ሳያይ፣ ወደ ሞጣ መዛወሬን ነገረኝ። ዕድገት ነው፤ የአማርኛ ትምህርት ኃላፊ ተደርጌያለሁ። የጠየቅሁት የመጻሕፍት ሣጥንም ወደዚያው ይላክልኛል ተባለ።

ከመሄዴ በፊት ሦስት ጊዜ ቤታቸው ሄድኩ። ሦስቴም እኅታቸው በሩን ገርበብ አድርገው "የኔታ ተኝተዋል" አሉኝ፤ በቀን በብርሃን። ሦስተኛው ቀን ከበራፉ ስመለስ ሆድ ባሰኝና ከራሴ ጋር መጣላት ጀመርኩ። እኔ ለእርሳቸው ምን ነበርኩ? መነጽር። መጽሐፍ እስኪይዙ ድረስ ቆሎ እያበሉ አስነበቡኝ፤ እኔ ሞኙ ወዳጅ ያገኘሁ መሰለኝ። ይህን ሐሳብ ክፉኛ ያዝኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው፤ በደሌን ከማመን የተበደልኩ ሆኜ መሄድ ቀለለኝ።

ሞጣ ላይ ሁሉም ነገር የተመኘሁትን ሆነ። ሣጥኑ መጣ፤ ስልሳ መጽሐፍ። ልጆቼ አይተውት የማያውቁትን ታሪክ በልባቸው አንብበው ብቻቸውን ይስቁ ጀመር። እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ አያቸዋለሁ፤ የሳቁበትን የሚነግረኝ ግን የለም። መምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ይቆማል። ዝናዬ ቀድሞኝ ደርሷል፤ "የኔታን ያስወጣው" ነው ስሜ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ አላልቅ አለኝ። እስከ ከተማው ዳር እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ገና አሥር ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ጊዜ አሮጌ ሱቅ ውስጥ ምንም ዕቃ ሳልፈልግ አንድ ሰዓት ቆሜ ቀረሁ፤ ባለሱቁ ተናጋሪ ስለነበረ ብቻ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በመንፈቁ ዕረፍት፣ አልቻልኩም። በጭነት መኪና ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ በኩል ብቸና ገባሁ። የኔታ በደብሩ ቅጥር ግቢ ወንበር ዘርግተው እንደሚያስተምሩ ነገሩኝ። ቤተልሔሙ ጥግ ካለው ዳስ ሥር አገኘኋቸው፤ ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ዙሪያቸውን ልጆች ይጮሃሉ፣ እርሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከሃያ ድምፅ መሐል የተሳሳተውን ይለያሉ።

"እንደምን ዋሉ፣ የኔታ" አልኩ።

ጭራቸው ቆመች። "መጣህ?" አሉ። "ተቀመጥ።"

መንገድ ሙሉ ሳዘጋጅ የመጣሁት ይቅርታ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ያ ክፉ ሐሳብ ሆነ። "የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያኔ የፈለጉኝ ለዚያ መጽሐፍ ብቻ ነበር፣ አይደለም?"

"ለየትኛው?"

"ለሁለተኛ ክፍሉ።"

ትንሽ ፈገግ አሉ። "እሱንማ በመጀመሪያው ሳምንት ይዤዋለሁ" አሉ። "መቶ ሃምሳውን መዝሙር ዳዊት በአንድ ክረምት የያዘ ሰው፣ የአርባ ገጽ የልጆች ነገር ያቅተዋል?"

"ታዲያ ለምን ዓመት ተኩል ደጋግመው አስነበቡኝ?"

"ሌላ መጽሐፍ አልቆብህ ነበራ! ባዶ እጅህን ና ብልህ ደግሞ ኩራተኛ ነህ፣ አትመጣም። ሰው አልነበረህም፤ እኅቴም 'ያ ልጅ ብቻውን ሊያብድ ነው' ትለኝ ነበር። እኔም ብሆን፣ ሰዓቷ ስትደርስ የእግርህን ኮቴ ነበር የምጠብቀው።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉ። ለማንም እንደሚሉት፣ በዚያው ድምፅ ነው ያሉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ መለሱ፤ አንዱ የሳተውን ቃል "ተመለስ" አሉት። እኔ ተቀምጬ ቆየሁ። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "እንግዲህ ተነሥ፤ ሞጣ የሚሄደው መኪና እንዳያመልጥህ" አሉኝ።

ሞጣ የሚሄደው መኪና የሚነሣው በማግሥቱ ነበር። ብቸና ውስጥ ያን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እሺ ብዬ፣ እጅ ነሥቼ፣ ወጣሁ።