ለፈተና የቆየ ጥርስ

ሊይዙኝ ሲመጡ የበሽተኛ ጉንጭ ይዤ ነበር። እንድጨርስ አልጠበቁኝም። በመቱ ዋና መንገድ በሁለት ፖሊሶች መካከል ስሄድ ሰላም ያለኝ ሰው አልነበረም። ጥርሳቸውን የነቀልኩላቸው ባለሱቆች ድንገት ከመደርደሪያቸው ሥር ዕቃ የሚፈልጉ ሆኑ። ማን ማን እንደነበሩ አልረሳሁም።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነበር። ወለሉ አፈር ነው፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፣ ዝናብ ሲጥል ግድግዳው ላብ እንደያዘው ሰው ይረጥባል። ኢሉባቦር ውስጥ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበት ቀን ጥቂት ነው።

ወንጀሌ የያዮ ጭሰኞች ቡናቸውን በወሰደባቸው ባለርስት ላይ ለጃንሆይ ያቀረቡትን አቤቱታ መጻፌ ነበር። መጻፌን አልካድኩም። የጠቆመብኝን ሰው ግን አቤቱታው አላሳሰበውም። የጤና ሹም ነበር፤ ያኔ አንቱ ብዬዋለሁ፣ እዚህ ላይ ግን አልለውም። በዚያ ዓመት ያለ ፈቃድ ጥርስ መንቀል ተከልክሎ፣ ፈቃድ የፈለገ ሁሉ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ፈታኝ ፊት ጎሬ ላይ እንዲፈተን ታዞ ነበር። ጎሬ ያኔ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ናት። ለኢሉባቦር የተፈቀደው አንድ ሰው ብቻ ነው። የተመዘገብነው ደግሞ ሁለት ነን፦ በሚስዮን ሐኪም ቤት ድሬሰርነት የተማርኩት እኔና ገበያ መሐል ጥርስ የሚነቅለው የሹሙ የእህት ባል።

ፈታኙ እኔ መታሰሬን ሲሰማ፣ ብትታሰርም ትቅረብ ብሎ አዘዘ። የእስር ቤቱ አዛዥ ከአዲስ አበባ የመጣ ቃል ስለሚፈራ እሺ አለ። የቀረው ችግር በሽተኛ ነው። ደንቡ ተፈታኙ የሚነቀል ጥርስ ያለው ሰው ራሱ ይዞ እንዲመጣ ያዛል። ቀደም ሲል እሺ ያለችኝ አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ከታሰርኩ በኋላ አላውቃትም አለች።

ከእኛ ጋር የታሰሩ አንዲት የያዮ አሮጊት ነበሩ። አቤቱታው ላይ አውራ ጣታቸውን ካሳረፉት መካከል ናቸው። አማርኛ እምብዛም አያውቁም፤ የምናወራው በኦሮምኛ ነበር። አዴ እንላቸዋለን፣ እናታችን እንደማለት ነው።

እሑድ እሑድ እስረኛ የሚያይ ድሬሰር ይመጣል። በዚያ እሑድ ጉጠቱን ይዞ በራችን ላይ ሲቆም የአዴ ግራ ጉንጭ አብጦ ነበር። የትኛው ጥርስ ነው ቢላቸው ጆሮዬን ነው የሚያመኝ አሉት። የጆሮ ጠብታ ሰጥቷቸው ሄደ። እኔ ወደ ብርሃኑ አዙሬ አፋቸውን ሳይ የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው እስከ ሥሩ ተበልቷል።

"ለምን አልተነቀሉም?" አልኳቸው።

"ላንቺ ነው ያቆየሁት" አሉኝ።

መግሉ ወደ አንገት ከወረደ ሰው እንደሚገድል ነገርኳቸው። ዝናብ እንደሚያዳምጥ ሰው ሰምተውኝ ሲያበቁ ስለ ልጃቸው አወሩኝ። ልጃቸው ጥርሱን ሊነቀል ገበያ ሄዶ፣ የሹሙ የእህት ባል አገጩን ሰብሮ ሰዶታል። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው በአጥሚት ነው። ያ ሰው ደግሞ ወረቀት ከያዘ የሚከለክለው የለም አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያን ጥርስ የጠበቀው መላው ክፍል ነው። አንዷ ከዘበኛው ጨው ትለምናለች፣ ሌላዋ ውሃ ታሞቃለች፣ ቂጣውን በውሃ የምታርስላቸው አለች። ባሏ አሳስሯት የገባች አረቄ ሻጭ ነበረች፤ "አዴ፣ ፈታኙ ከዘገየ ጉንጭዎ በዚህ በር አያልፍም" ስትላቸው እየሳቁ ያማቸው ነበር።

የጎሬ መንገድ ጉድጓድ ብቻ ነው። በጭነት መኪናው ላይ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኳቸው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ክንዴን ይጨብጣሉ እንጂ ድምፅ አላወጡም።

ሹሙ ከፈታኙ አጠገብ ቆሞ ጠበቀን። አሮጊቷን ሲያይ፣ እስረኛ በሽተኛ ሆና ልትቀርብ አይገባም፣ በገዛ ፈቃዷ መምጣቷን በምን እናውቃለን አለ። ለእስረኛ ነፃነት ሲጨነቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈታኙ ወደ አዴ ዞሮ፣ አስገድደውዎት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አብሮን የመጣው ዘበኛ ተረጎመላቸው።

አዴ መለሱ። ዘበኛው መሬት መሬት እያየ ተረጎመው። "ጥርሱ የኔ ነው። የመንግሥት ቢሆን ኖሮ የሚያመው መንግሥትን ነበር፤ ነው የምትለው።"

ፈታኙ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጠረገው። ከዚያ "ይቀመጡ" አላቸው።

ጥርሱ ከነሥሩ ወጣ። ፈታኙ ተቀብሎኝ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየው። የሹሙ የእህት ባል ከእኔ ቀድሞ በነቀለው ጥርስ ግማሹን ሥር ድድ ውስጥ አስቀርቶ ነበር።

ዘበኛው አዴን፣ ተነሺ አንቺ አላቸው። መኪናው ቆሟል፣ ሹሙም ክፍሉን ልቀቁ ብሏል። እኔ ሁሉም እንዲሰማኝ በአማርኛ ተናገርኩ።

"አዴ፣ ጥጡን ነክሰው ይያዙ። አይቸኩሉ።" ወደ ዘበኛው ዞሬም፣ "በሽተኛዬ ናቸው። ደሙ ሳይቆም አይነሡም" አልኩት።

እኔ ራሴ በድምፄ ደነገጥኩ። ፈታኙ ግን ትክክል ናት አለ። ዘበኛው፣ ሹሙ፣ የሹሙ የእህት ባል ሁሉ ቆሙ። በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት አዴ ብቻ ነበሩ። ጉንጫቸውን ይዘው፣ እግራቸውን አጥፈው፣ ቀስ ብለው ደሙን አስቆሙ።

ፈቃዱ ከተፈታሁ በኋላ ደረሰኝ። ሹሙ ከኢሉባቦር ውጭ እንዳልሠራበት አስጽፎበታል፤ መጉዳቱ ነው። የት ልሄድ ኖሯል? ሲሞት ልቅሶው ላይ አልተገኘሁም። ጨርቅ ነጋዴዋም ኋላ ጥርሷን ታማ መጣች። ነቀልኩላት፣ አላናገርኳትም።

አዴ ግን ከተፈቱ ወዲህ መቱ በወጡ ቁጥር ይመጡ ነበር። ወንበሩ ላይ ወጥተው፣ የሚያማቸው ሳይኖር አፋቸውን ይከፍቱልኛል። እኔም ደህና አድርጌ አያለሁ። ደጅ ወረፋ የያዘው ሰው ያጉረመርማል።

ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። እኔም ዓይኔ ደክሞ ሥራውን ትቻለሁ። ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ይቅር ያላልኳቸውን ሰዎች እቆጥራለሁ፤ ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ። መሐል ላይ አዴ ትዝ ሲሉኝ ቁጥሩ ይጠፋኛል።