እትዬ ሰርቪስና ሁለቱ ጋራዦች

ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ሰርቪስ» ይላታል። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ ከሰዓት የምትመልስ ሴት ናት። ባሏ ሲሞት ትቶላት ያለፈው አንዲት አሮጌ መኪና ብቻ ነበር፤ በዚያችው መኪና ልጇን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ፋርማሲ ውስጥ ለሥራ አብቅታለች። ሲበዛ ተጫዋች ናት፤ መሪ ከጨበጠች በኋላ ግን ቀልድ አታውቅም። ቀበቶውን ያላሰረ ልጅ ካለ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም።

ያችን አሮጌ መኪና በሕይወት ያቆዩላት ጋሽ ካቻቢቴ ናቸው። ጋራዣቸው እሷ ከምትኖርበት መንገድ መግቢያ ላይ ነው፦ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በዘይት የጠቆረ ወለል፣ ግድግዳው ላይ በየመጠኑ የተሰቀለ መፍቻ። ስሙ የወጣላቸው ካቻቢቴ ከደረት ኪሳቸው ስለማይለይ ነው፤ ሰርግ ላይ እንኳ ከከረባታቸው ጎን ብቅ ብሎ ይታያል። ደግሞ አንድ ጠባይ አላቸው። መኪና ሲመጣላቸው ኮፈን ለመክፈት አይቸኩሉም፤ ባለቤቱን «እስቲ ንዳት» ብለው ከኋላ ወንበር ይቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የማያውቃቸው ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስለዋል።

የማያልፍ ነገር የለምና አሮጌዋ መኪና በመጨረሻ እጅ ሰጠች። እናትና ልጅ ያላቸውን አሟጠው አዲስ ገዙ። የሸጠላቸው ኩባንያ ጋራንቲ ሰጠ፤ ሌላ ጋራዥ ከፈታታት ግን ጋራንቲው ቀረ ማለት ነው። እትዬ ሰርቪስ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የታያት የጋሽ ካቻቢቴ ፊት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሲያገለግሏት ኖረው፣ ባለ አዲስ መኪና ስትሆን «ዞር ይበሉልኝ» ያለቻቸው መሰላት። ይሉኝታዋ አያድርስ ነው! እና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በጋራዡ ፊት ማለፏን ትታ በኋለኛው ኮረኮንች መዞር ጀመረች። ምስኪኗ አዲስ መኪና በባለቤቷ ይሉኝታ ድንጋይ ለድንጋይ ስትንገጫገጭ ከረመች።

«እትዬ፣ ለምንድነው በዚህ የምንሄደው?» ይላሉ ልጆቹ።

«አየሩ ጥሩ ነው» ትላለች፣ አቧራው እንዳይገባ መስኮቱን እየዘጋች።

አንድ ሰሞን መሪው አመል አወጣ። ወደ ግራ ስትታጠፍ ድንገት ክብድ ይልና መልሶ ይለቃል። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ግን ከኋላዋ የተቀመጡት የሰው ልጆች ናቸው። ወደ ኩባንያው ጋራዥ ወሰደቻት። አቀባበላቸውስ እግዜር ይስጣቸው፤ የሚያብለጨልጭ ወለል፣ ለስላሳ ወንበር፣ ቀዝቃዛ ውሃ። መኪናዋን ከኮምፒውተር ጋር አገናኟት፤ ኮምፒውተሩም ምንም ጥፋት አላገኘም። ደስ ብሏት ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ መሪው ያንኑ አደረገ። እንደገና ወሰደቻት፤ አሁንም «ደህና ናት» ተባለች።

«እማዬ፣ መሣሪያው ደህና ናት ካለ ደህና ናት» አለች ልጅዋ። «ሌላ ቦታ አስከፍተሽ ጋራንቲው ቢቀርብንስ? ይህች መኪና ከቆመች ምን ይውጠናል?»

እውነቷን ነው። እትዬ ሰርቪስ ግን እህል አልወርድ አላት። አንድ ቀን ከሰዓት፣ የመጨረሻዋን ልጅ አውርዳ ስትመለስ፣ መታጠፊያው ላይ መሪው ድርቅ አለባት። ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያንባረቀ በስንዝር አለፋት። ዳር ይዛ ቆመች። የኋላውን ባዶ ወንበር ዞራ አየችው፤ ከዚያ ይሉኝታዋን ዋጥ አድርጋ በቀጥታ ወደ ጋሽ ካቻቢቴ ነዳች።

«ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?» አሉ ጋሽ ካቻቢቴ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

«ጋሼ፣ አፍሬዎት እኮ ነው የጠፋሁት።»

«ምን ያሳፍርሻል? በኮረኮንቹ ስትዞሪ አይቼሻለሁ። እኔን ያሳሰበኝ የመኪናዋ ጎማ ነበር።»

ከሐፍረቷ ጋር ሳቋ አመለጣት። ነገሩን ስትነግራቸው እንደ ልማዳቸው ከኋላዋ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰፈሩን ዞረች። ወደ ግራ ስትታጠፍ ዓይናቸው ተከፈተ፤ «ድገሚው» አሉ። ደገመችው። ከዚያ ወደ ጋራዡ ተመለሱ።

«ይክፈቱት ጋሼ» አለች። «ጋራንቲው ገደል ይግባ።»

ካቻቢቴያቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ትንሽ አገላበጡትና መልሰው ከተቱት። «አልከፍተውም።»

«ተቀይመውኛላ!»

«የምን ቅያሜ! ይሄ መሪ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ነው። እንዲህ ያለውን ፈትቼ አላውቅም። ልፍታው ብል እፈታዋለሁ። በደንብ አለመግጠሜን የምናውቀው ግን አንቺ ልጆች ጭነሽ ስትታጠፊ ነው። በሰው ልጅ አልማርም።»

ይህን የተናገሩት በገዛ ጋራዣቸው፣ በሠራተኞቻቸው ፊት፣ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ ነው። እትዬ ሰርቪስ በሕይወቷ «አላውቅም» የሚል መካኒክ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

«በይ ነይ፣ አብረን እንሂድ» አሉና ቱታቸውን አውልቀው ኮት ደረቡ።

በኩባንያው ጋራዥ የተቀበላቸው መኪናዋን ሁለቴ ያየው ወጣት ቴክኒሻን ነው። «ልጄ፣ መሣሪያውን ለጊዜው ተወውና አብረኸን ተሳፈር» አሉት ጋሽ ካቻቢቴ። «አመሏን የምታሳየው ስትሄድ ነው።» ልጁ ሊኮራ ይችል ነበር፤ አልኮራም። ጓንቱን አውልቆ ከጎናቸው ተቀመጠ። እትዬ ሰርቪስ በመስተዋቱ ብታይ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ግራ ታጥፋ ሳትጨርስ «ይቺ ናት!» አለ ቴክኒሻኑ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ ያኔውኑ አብሬዎት መውጣት ነበረብኝ።»

መኪናዋን አሳድረው በማግስቱ መሪውን ከነሞተሩ በጋራንቲው ቀየሩላት። ጋሽ ካቻቢቴም ቆመው እንዲያዩ ቴክኒሻኑ ጋበዛቸው፤ እሳቸው ሲጠይቁ እሱ ሲያስረዳ ሥራው አለቀ። መኪናዋን ሲያስረክባት፣ የመሪው ሞተር እየሞተ እንደነበርና አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ ጨርሶ ሊከዳት ይችል እንደነበር ነገራት። እሷም ልጁን መረቀችው፤ ከልቧ መረቀችው።

ሲመለሱ ጋሽ ካቻቢቴ ከፊት፣ ከጎኗ ተቀመጡ። መሪው እንደ ቅቤ ይዞራል።

«ጋሼ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት?»

«እኔ ምን አደረግኩና? መፍቻ እንኳ አላነሳሁ።»

«እሱን እኮ ነው የማመሰግንዎት» አለች፤ እንባዋ ሳታስበው ወረደ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይከፍተው ነበር።»

«በይ አሁን ዓይንሽን ጥረጊና መንገዱን እዪ» አሉ ጋሽ ካቻቢቴ። «ልጆቹ የሚወጡበት ሰዓት ደርሷል።»