እናቴ የመረጠችው ቢጫ

የዘይት ቀለም ሽታ አፍንጫዬ በገባ ቁጥር ንዴቴ ይቀሰቀሳል። ሰሞኑን ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለውን ቤቴን ሳስቀባም ያው ሽታ ተነስቶ፣ ጌጃ ሰፈር ወደነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን መለሰኝ።

ቤታችን አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ስለነበራት፣ ክረምት ሲገባ ግድግዳው እርጥበት እየመጠጠ፣ በቀትርም መብራት አብርተን፣ እኔና እናቴ አንድ ጋቢ ለብሰን እንቀመጥ ነበር። ግድግዳው ሰማያዊ ነበር፤ አባቴ ከሚሠራበት ቢሮ አይቶ የወደደው ቀለም። እናቴ «ይሄ ቀለም እኮ ገና ሳየው ይበርደኛል፤ ቢጫ ብንቀባው ቤቱ ይሞቃል» ትለው ነበር። እሱም ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያወርድ «ሰማያዊ ንጹሕ ነው፤ ቢጫ የቡና ቤት ቀለም ነው» ይላት ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ መስከረም እንደጠባ አባቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄደ። እናቴ ተክለ ሃይማኖት ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ሁለት ጣሳ ቀለም ተሸክማ መጣችና፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ወንበር ላይ ቆማ ሦስት ቀን ሙሉ ቀባች። ታች ታቹን እኔ ቀባሁ። ሲያልቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን እያየች ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ጎረቤቶች ብቅ እያሉ «ፀሐይ አስገባሽ እንዴ?» ይሏት ነበር።

አባቴ በጥቅምት ተመለሰ። በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘና «ማንን አስፈቅደሽ ነው?» አላት። መልሷን አልጠበቀም። በማግስቱ ቀለም ቀቢ ይዞ መጥቶ፣ እሷ እያየች ሁሉንም መልሶ ሰማያዊ አስቀባው። አልጮኸም፣ አልመታትም፤ ለዚህ ይሆናል ዘመድ ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» የሚለው። እኔ «እማዬ፣ ተው በይው!» እያልኩ አለቀስኩ። እሷ ግን ለቀቢው የሚቆምበትን ወንበር አቀረበችለት።

ቀለም ብቻ እኮ ነው የሚሉኝ አሉ። ቀለም ብቻ ከሆነ ለምን አልተወላትም?

ከዚያ በጋ ጀምሮ እናቴ መጋረጃም ሆነ ምንጣፍ ስትገዛ «አባትሽ የሚወደውን» እያለች ነበር።

አባቴ ከሞተ ቆየ፤ እሷም አሁን ከእኔ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ለክፍሏ የሚሆን የቀለም ናሙና፣ ሞቅ ያለውንም ቀዝቀዝ ያለውንም ፊቷ ደርድሮ «እማማ፣ የቱ ይሁንልዎት?» አላት። አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ ሰብስባ እጁ ላይ አስቀምጣ፣ «እናንተ የወደዳችሁት» አለች።

ያኔ መልስ ነበራት፣ የሚጠይቃት ግን አልነበረም። ዛሬ ሁላችንም እንጠይቃታለን።