ያልተፈታው ግዝት

ደብረ ማርቆስ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አሁንም ጤፍ ይታያል፤ ግድግዳው ጆንያ ጆንያ ይሸታል። የታሰርሁት በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ በተናገርሁት ነው። መምህር ነኝ፤ አፌ ደግሞ ከድሮም አያርፍም። ከእኔ ቀጥሎ የተናገረው ጓደኛዬ ግን ሳይያዝ አመለጠ።

ክፍሉ ውስጥ ሰባት ነበርን። ከጎኔ የሚተኛው የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የሚፈለግ ሰው ጭነሃል ተብሎ ነው የገባው። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሶ ስለነበር በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ይላል። ጥጉን የያዙት አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፤ ሁላችንም አባ እንላቸዋለን።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ስንበላ፣ በንዴት፣ የጓደኛዬን ስም ጠርቼ የተደበቀበትን ቤት ተናገርሁ። «እኔ እዚህ ስበሰብስ እሱ እዚያ ተጋድሞ ይበላል» አልሁ። የሁሉም እጅ ቆመ። ምን እንዳልሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ደነገጥሁ።

አባ መስቀላቸውን ሲገቡ ተወስዶባቸዋል። ባዶ እጃቸውን አንሥተው፣ «አሁን የተባለውን ከዚህ ክፍል እንዳታወጡ፣ በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቻለሁ» አሉ። «አንተንም ጭምር፣ መምህር።» ከዚያ ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

እውነቱን ለመናገር አላመንሁም። ግዝት በወሰን የተጣሉ ገበሬዎችን ያስፈራ ይሆናል፤ ቤቱ ለመግባት የቸኮለን ሰው ግን ምን ያቆመዋል? አልሁ በልቤ።

በማግሥቱ ጠዋት ሹፌሩን ጠሩት። ቀኑን ሙሉ አልመጣም። እኔም ጓደኛዬን በገዛ አፌ አስያዝሁት እያልሁ፣ በሩ በሩን ሳይ ዋልሁ። አሥር ሰዓት ላይ ገባ። ከንፈሩ አብጧል።

«መምህሩ ስለ ጓደኛው ምን አወራ አሉኝ» አለ፣ ወደ አባ እያየ። «ከነገርኸን ዛሬውኑ ሚስትህ ጋ ነህ አሉኝ። ተኝቼ ነበር፣ አልሰማሁም አልኋቸው። ውሸት ነው እንግዲህ፣ አባ።»

«ስለሱ ስትወጣ ና፤ ንስሐ እሰጥሃለሁ» አሉ አባ።

ሹፌሩ ሳቀ፤ ከንፈሩ ስላመመው ግን ወዲያው ተወው።

ሚስቱ በሳምንቱ ወለደች። ወሬውን ያደረሰችው ምሳ የምታመላልስለት እኅቱ ናት። እሱ ያን ዕለትም ከእኔ ጎን እንደታሰረ ነበር። በይቅርታ ፈንታ በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታዬን ለቀቅሁለት።

ከተፈታን በኋላ አባ ብዙም አልቆዩም፤ ግዝቱን ሳይፈቱ ዐረፉ። የጓደኛዬን ስምና የተደበቀበትን ቤት እዚህም ያልጻፍሁት ለዚህ ነው። ያን ቀን ማውራቴንም ለራሱ ነግሬው አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ወደ ደብረ ወርቅ ስንሄድ የተሳፈርነው የሹፌሩን ሚኒባስ ነበር። መንገዱ ሲበላሽ ሹፌሩ ቀስ አለ። ጓደኛዬ ትዕግሥት የለውም፤ ከኋላ ሆኖ፣ «ኧረ ሹፌር፣ ተኛህ እንዴ? ንዳው እንጂ!» ብሎ ጮኸበት።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«አዎ፣ ተኝቼ ነበር» አለ።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ጓደኛዬም ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።